ካርቶኑ ላይ ያልበቃችው ቃል

ይድረስ ካለሽበት ለአስካለ፣ ለኔዋ አስኩ።

መምህራችን ደብዳቤ ሲጀመር አስቀድሞ ጤና ይጠየቃል ብላ አስተምራናለች። እኔም ከሁሉም ቀድሜ እጄን አውጥቼ፣ «የሚጻፍለት ሰው ጤና የሚባል ነገር የማያስፈልገው ቢሆንስ?» ብዬ ክፍሉን አሳቅሁት። ያሰብኩት አንቺን ነበር፤ እነሱ ግን ቀልድ ነው ብለው ወሰዱት። ስለዚህ ያንቺን ጤና ዘልዬዋለሁ። የኔን ከጠየቅሽ ደረቴ እንደተውሽው ነው፤ ያፏጫል።

ከተለያየን ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነን። ይህን ደብዳቤ ለሰው እየነገርኩ አላስጻፍኩትም። እኔው ሞላ፣ ያ የሐኪሙን ወረቀት ገልብጦ ይዞ «መብራቱ ነው እንጂ ይነበባል» የሚልሽ ሞላ፣ ራሴ ነኝ የምጽፈው። እስክሪብቶውን ስለምጫነው እዚህ ገጽ ላይ የጻፍኩት ከጀርባው ይዳሰሳል። መምህርት ሰብለ «ጋሽ ሞላ፣ ወረቀቱ እኮ አልበደለዎትም» ትለኛለች። «ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲደብቀኝ ኖሮ እንዴት አልበደለኝም?» አልኳት።

ኩራት ያስገባኝ እንዳይመስልሽ። አንቺ ካለፍሽ በኋላ አንድ ቀን ደረቴ ሲዘጋ የአስም መንፊያዬን አውጥቼ ነፋሁ፤ ደግሜ ነፋሁ፤ ምንም። ልጃችን ሳሮን ከሱሉልታ ደርሳ ስታየው የነፋሁት የተሳሳተውን ነው። ሁለት መንፊያ እንዳለኝ ታውቂያለሽ፤ እኔ የምለያቸው በቀለም ነበር። የዚያን ጊዜ ግን ሁለቱም አንድ ቀለም ሆነው መጡ። መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ አንዱ ላይ «በየቀኑ»፣ አንዱ ላይ «ሲያፍን ብቻ» ብላ ጽፋልኝ ኖሯል። ሳሮን «አባዬ፣ ተጽፏል እኮ» አለችኝ። አዎ ተጽፏል። ለኔ የተጻፈ ሁሉ የሚደርሰው ግን አንቺ ጋ ነበር።

በሳምንቱ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። ፊደሉን በሦስት ወር ዋጥኩት። ከኔ የፈጠነ የለም፤ ካለም አጠገቤ አልተቀመጠም። የተጣላሁት ከሦስቱ ሀዎች ጋር ብቻ ነው፤ አንድ ድምፅ ሦስት ቤት የሚከራይበት ምክንያት እስካሁን አልገባኝም። የምቀመጠው በሩ ሥር ነው። ከፊቴ የምትቀመጥ አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ አለች፤ ከሥራ በቀጥታ ስለምትመጣ ላቧ እንዳይሸተን አፍራ ሽቶ ታርከፈክፋለች። እኔ ደግሞ መተንፈስ አቃተኝ ማለት አፍሬ በሩን ገርበብ አድርጌ እቀልዳለሁ። ሁለታችንም ተፋፍረን ቆጠራና ንባብ እንማራለን።

ቤቱ እንደተውሽው ነው፤ ጎረቤቱ ግን ተለውጧል። ኦቦ ጉታ የፊት ክፍላቸውን ለሴቶች ፀጉር ቤት አከራዩት። ጠዋት የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሞቆ የፀጉር ቅባቱ መትነን ሲጀምር በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል። ኦቦ ጉታ እንደ ድሮው በየጠዋቱ በአጥሩ በላይ «አካም ቡልቴ ሞላ» ብለው እንዴት አደርክ ይሉኛል፤ እኔ በነጠላ አፍንጫዬን ሸፍኜ እመልስላቸዋለሁ። የእድር ዳኛ ናቸው፣ ምን ልበላቸው? ኪራዩም ይጠቅማቸዋል። መስኮታችንን ዘጋሁት። አንቺ የተከልሽው ጤናዳም ከመስኮቱ ሥር አለ፤ አይቼው ሳይሆን ሳጠጣው ነው የማገኘው።

ሳሮን ሱሉልታ ና ትለኛለች። «አባዬ፣ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ከቡራዩ ይሻልሃል» ትላለች። ሄጄ አየሁት። ውጭው እንዳለችው ነው፤ ብርዱ ሳንባን ያጥባል። ቤት ስገባ ግን አንሶላው፣ መጋረጃው፣ የሶፋው ልብስ፣ ሁሉም በሚሸት ማለስለሻ ታጥቦ ጠበቀኝ። አባቴ ይመጣል ብላ ሁለት ቀን ሙሉ ስታጥብ ከርማለች። «ቤትሽ እንደ ሙሽራ ሸተተኝ» ብዬ አመሰገንኳትና ብርዱን ወድጄው ነው እያልኩ በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሼ ዋልኩ። ማታውኑ ተራ አለብኝ ብዬ ተመለስኩ። ዋሸኋት። ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ።

ሥራዬ ያው የታክሲ ተራ አስከባሪነቱ ነው። «አስኮ ሁለት ሰው፣ አስኮ የሞላ» እያልኩ ሌላውን እጭናለሁ፤ እኔ ግን መሳፈር አልችልም። አንቺ እያለሽ እንዴት ነበር የምንሳፈረው? ትቀድሚኝና አንገትሽን በበሩ አስገብተሽ ታሸቺ ነበር። ደህና ከሆነ በእጅሽ ትጠሪኛለሽ። ከመስታወቱ ላይ ያቺ የምትወዛወዝ የመኪና ሽቶ ካለች ወይም አንዷ ተሞሽራ ከገባች፣ «ይኼኛው ሞልቷል» ትዪኛለሽ፤ እኔ አሥር ባዶ ወንበር እያየሁ። አንድ ቀን ረዳቱ «እናቴ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው የምትፈልጊው?» ቢልሽ «የባሌን ትንፋሽ» አልሽው።

አሁን የማሸተው ራሴ ነኝ። እኔ ካሸተትኩት ደግሞ ገብቷል፣ ረፍዷል። መስኮት ክፈቱልኝ ስል ከኋላ «ኧረ ዝጋው፣ ነፋስ ይመታናል» ይላሉ። በዚህ አገር ነፋስ ያልመታው ሰው የለም፤ ሽቶ የመታው ግን እኔ ብቻ ነኝ። አንዷን በትሕትና «እህቴ፣ አስም አለብኝ፣ ሽቶሽ ነው» ብላት፣ «ይኼ እኮ ውድ ነው» አለችኝ፤ የሚያፍነው ርካሹ ብቻ መስሏት። ስስል ደግሞ አጠገቤ ያለው ሰው አፉን ሸፍኖ ወንበር ይለውጣል። ባንክ ቤት ወረፋ ላይ፣ ፀጉር አስተካካዩ ጋ፣ ሰርግ አዳራሽ በር ላይ፣ በየቦታው እንደ አዲስ ማስረዳት ነው። በሽታውንስ ለምጄዋለሁ። ማስረዳቱ ደከመኝ አስኩ። አንዳንዴ ሰው ሲጠራኝ ከማስረዳ አልመጣም ማለቱ ይቀለኛል፤ ኮራ ይሉኛል፣ ኮራሁ ብዬ እቀመጣለሁ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ።

የተቀበርሽ ቀን አፈር አላለበስኩሽም። እትዬ ታደለች ከሰበታ ደርሰው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። እህትሽን ታውቂያቸዋለሽ፤ ሲያለቅሱ የያዙትን ሰው አይለቁም። ከአንገታቸው የወጣው ሽታ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባና ተዘጋሁ። ላስለቅቃቸው ብሞክር አልለቁኝም፤ ገፋኋቸው። በሰው ፊት፣ ሬሳሽ አጠገብ፣ እናት የሆኑሽን ሴት ገፍቼ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ሄድኩ። ግንቡን ተደግፌ መንፊያዬን እየነፋሁ፣ ዓይኔ እየጨለመ፣ አካፋው አፈር ሲጥል ይሰማኛል። እሰማለሁ እንጂ እግሬ አይሄድም። ሲለቀኝ ተመለስኩ፤ አፈሩ ተደልድሎ አበባ ተቀምጦበታል።

እትዬ ታደለች በሕዝብ መሃል «ምን ዓይነት ባል ነው፤ እኔን ገፍቶ፣ እሷን አፈር ሳያለብስ የሸሸ» አሉ። መልስ ነበረኝ፤ መልሱን የማወጣበት ትንፋሽ ግን አልነበረኝም። ትንፋሹ ሲመጣ እሳቸው ሄደዋል። ከዚያ ወዲያ ዓመቱን ሙሉ ስልኬን አላነሱም። ሰፈሩም ያው ነው። የሞላን ቀልድ ሁሉም ሰምቷል፣ የሞላን ለቅሶ ያየ ግን የለም፤ ስለዚህ አላለቀሰም ተባለ።

እኔ የተመኘሁት አንድ ነገር ነው። በሙት ዓመትሽ እንደ ባል ቤቴ ውስጥ፣ ሰው መሃል ተቀምጬ እንድውል፤ እትዬ ታደለችም አጠገቤ እንዲቀመጡ። አጥር ጀርባ እንዳልገኝ።

ለዚህ ብዬ ማስታወቂያ ጻፍኩ። የፓስታ ካርቶን ቀድጄ፣ ወፍራም እስክሪብቶ ገዝቼ። ያሰብኩት «ሽቶ ተቀብቶ የመጣ አይግባ» ልል ነው። አሁን ሳየው እሱም ቢሆን ስድ ነው፤ «እባካችሁ» የሚባል ቃል አለ። ግን አደባባይ የሚወጣ የመጀመሪያ ጽሑፌ ስለሆነ ፊደሉን እንደ ባንክ ታፔላ አገዘፍኩት። «ሽቶ» ብቻዋን ካርቶኑን አጋመሰችው። «ተቀብቶ» አልበቃ አለች። አሳንሼ እንዳልጽፋት ጎረርኩ፤ ለመምህርት ሰብለ እንዳላሳያት ኮራሁ። ሽቶ ካልኩ በቃ ሰው ይገባዋል፣ ሽቶ አይጠጣ፣ አይበላ፣ ከመቀባት ሌላ ምን ይደረጋል ብዬ ዘለልኳት። በራችን ላይ የሰቀልኩት «ሽቶ የመጣ አይግባ» የሚል ነው።

አንቺ ገና ስታይው ትይዢኝ ነበር። ሽቶ ማለት ፈልጎ ማለትም ነዋ። ስናገረው አውቀዋለሁ፤ ስጽፈው ጠፋኝ። በሙት ዓመትሽ ቀን፣ በሐዘን ቤት በር ላይ፣ ፈልጎ የመጣ አይግባ ብዬ ለጠፍኩ።

ኦቦ ጉታ ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ እኔ ወንበር ወደምደረድርበት ጓሮ መጥተው፣ «ሞላ፣ ሳይሻ ሐዘን ቤት የሚመጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። «የእድሩ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ይተያያል» አሉ። «ጠላ ሽተን መጣን ወይስ እንጀራ ሽተን ይላል። እኔ ራሴ ምን ሽቼ እንደመጣሁ እያሰብኩ ነው የገባሁት።» ወንበሩን ትቼ ካርቶኑን ላነሣ ወደ በሩ ሄድኩ።

የእድሩ ሰው ሲነገረው ሳቀ፤ በኔ ላይ መሳቅ ለምዶበታል፣ ገባ። ሽቶ የተቀቡት ሁለት ሦስት ሴቶች ራሳቸው በረንዳ ላይ ቀሩልኝ። ግን በሩ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ መሬት ላይ ተቀምጧል። እትዬ ታደለች ናቸው። ከሰበታ ድረስ አቅፈውት መጥተው፣ በሩ ላይ አንብበው፣ «እኔ ከእህቴ ቤት ምን ሽቼ መጣሁ?» ብለው ዳቦውን አስቀምጠው በመጡበት ባጃጅ ተመለሱ አሉኝ። ያን ቀን ቤታችን ውስጥ እንደተመኘሁት ሰው መሃል ተቀመጥኩ። ደረቴ ፀጥ ብሎ ዋለ። ዳቦውን ግን መቁረስ አቃተኝ።

በእሑዱ ካርቶኑን አጥፌ በፌስታል ይዤ ወደ ሰበታ ተነሣሁ። አንቺ ሳትቀድሚኝ ይህን ያህል መንገድ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ከሁለት ታክሲ ሳልደርስ ወረድኩ። አንዱ ሾፌር መኪናውን ገና በሳሙና አሽቶ ነው የመጣው። ሌላው ላይ መስኮቷን ያለ ጭቅጭቅ የከፈተችልኝ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ከኋላ ያሉት ነፋስ ብለው አዘጓት። ክፉኛ ያፈነኝ ደግሞ የት ይመስልሻል? አየር ጤና። ለሰፈሩ ስም ያወጣው ሰው የኔን ሳንባ አላማከረም። የሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጬ መንፊያዬን ስነፋ፣ ልመለስ ብዬ ነበር። ታክሲ ሁሉ ያስፈራኝ ጀመር፤ ግን ለመመለስም ያው ታክሲ ነው።

እትዬ ታደለች በራቸው ላይ ልብስ እያሰጡ አገኘኋቸው። አዩኝና እጃቸው ላይ ያለውን አንሶላ ሳያስቀምጡ «ምን ሽተህ መጣህ?» አሉኝ።

«ትንፋሼን ልሰብስብና እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። ከሩቅ ነው የቆምኩት። «ቅረብ፤ ወይስ ደግሞ ልትገፋኝ ነው?» አሉ። ካርቶኑን ዘረጋሁላቸው። በ«ሽቶ» እና በ«የመጣ» መሃል ጣቴን አስገብቼ፣ «እዚህ ጋ ተቀብቶ የምትል ነበረች፤ አልበቃችኝም» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አዩት። ማን እንደጻፈው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ ስላቸው መጀመሪያ አላመኑም፤ ቀጥለው «ታዲያ ፊደሉን በሬ ለምን አሳከልከው?» አሉኝ። ያኔ ትንሽ ፈታ አሉ።

የቀብሩን ቀን ነገርኳቸው። አጥሩን፣ ግንቡን፣ አካፋውን። መሃል ላይ ቀልድ ባስገባ ይቀለኝ ነበር፤ ፈልጌ አጣሁ። ሰሙኝና እጃቸውን አንገታቸው ላይ አደረጉ። «የዚያን ቀን የተቀባሁት የሷን ነው» አሉ።

አልገባኝም። የማን?

«የአስካለን» አሉ። ልንጋባ ሳምንት ሲቀረን ብልቃጡን በመሐረብ ጠቅልለሽ እንዳመጣሽላቸው ነገሩኝ። ሽቶ የምትወጂ ልጅ ነበርሽ አሉ፤ ከቤት ሳትወጪ መምጣትሽ በሰፈሩ ይታወቅ ነበር አሉ። «ሞላ አይችለውም፤ አንቺ ተቀቢው፤ እንዳትነግሪው፣ ያፍራል» ብለሽ ሰጠሻቸው። እሳቸውም ጨክነው አልጨረሱትም። በዓመት በዓል ብቻ ጠብታ ጠብታ እያደረጉ አቆዩት። ሞትሽን የሰሙ ቀን የቀረውን ሁሉ አንገታቸው ላይ አፈሰሱት። «አብሯት ይሂድ ብዬ» አሉኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ታክሲ ተራ ቆሜ ስጎርር እኖራለሁ። «የኔ ሚስት ሽቶ የሚባል ነገር ጠልታ ነው የተፈጠረችው» እላለሁ። አንቺም ምሳዬን ይዘሽ መጥተሽ አጠገቤ ቆመሽ ስትሰሚ ፈገግ ትዪ ነበር። አንድም ቀን አላረምሽኝም።

የተቀበርሽ ቀን የሸሸሁት ካንቺ ኖሯል። እስከ አንገቴ ድረስ መጥተሽ ነበር፤ እኔ ገፋሁሽ።

እትዬ ታደለች ገብተው አንገታቸውንና እጃቸውን በውኃ ብቻ ታጥበው፣ ሽታ ከያዘው ሳጥን ያልወጣ፣ ገመድ ላይ የደረቀ ነጠላ ለብሰው መጡና ደፉ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። «አሁን ተንፍስ፣ ልጄ» አሉኝ። አስኩ፣ እዚያ ደፍ ላይ ነው ያለቀስኩት። የሰበታ መንገደኛ እያየኝ። ማንም ቀልድ መስሎት አልሳቀም።

ባዶውን ብልቃጥ አፉን ጥብቅ አድርገው በፕላስቲክ አስረው አሳዩኝ። ስሙን ላነብ ፈለግኩ፤ የፈረንጅ ፊደል ነው። ያ ሁሉ ጉራዬ እዚያ ላይ አለቀ። ልከፍተውም አልችል። ብልቃጡን በእጄ ይዤ «ምን ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እትዬ ታደለች ሎሚ ሊሉ፣ አበባ ሊሉ ጀምረው ተዉት።

«እሷን እሷን» አሉ።

ባለፈው እሑድ መቃብርሽ ጋ አብረን መጣን። እትዬ ታደለች እኔን ለመያዝ ብለው ጠዋት አስኮ ድረስ መጥተው ጠበቁኝ፤ ታክሲ ውስጥ ማሽተት ግን አይችሉበትም፣ ገና ይማራሉ። መቃብርሽ ሲሚንቶ አልለበሰም፤ ኦቦ ጉታና የእድሩ ሰዎች ክረምቱ ይውጣ ብለዋል። እትዬ ታደለች «በል፣ አልብሳት» ብለው ወደ ኋላ ቆሙልኝ። ከዳር ካለው አፈር በሁለት እጄ አፍሼ አለበስኩሽ። ሦስት ጊዜ። ቸኩሎ የሚጠራኝ አልነበረም፣ ደረቴም አላስቸገረኝም። ዓመት ቆይቶ የመጣ አፈር ነውና ዘገየህ አትበዪኝ።

ሰኞ ተራ ላይ ለሾፌሮቹ፣ ስለ ሚስቴ ስነግራችሁ የኖርኩት ውሸት ነው አልኳቸው። ሳቁ፤ የሚቀጥለውን ቀልድ ጠበቁ። የሚቀጥል አልነበረም። አንዱ ሽማግሌ ሾፌር ብቻ ገብቶት መሰለኝ ሞተሩን አጠፋ።

እንግዲህ አስኩ፣ አልረሳሽም ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ እስካሁን ግን አልረሳትም ስል የኖርኩት ግማሽሽን ነው። ሌላው ግማሽ ሰበታ ብልቃጥ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እኔ አሽትቼ አላውቀውም፣ አሽትቼም አልችለውም። ስለዚህ የምችለውን አደርጋለሁ። ለሳሮንም፣ ልጆቿ ሲያድጉ ለነሱም፣ ስላንቺ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ፣ ከደግነትሽ በፊት፣ ከሙያሽም በፊት አስቀድሜ የምነግራቸው ይኼን ነው፤ አስካለ ሽቶ ትወድ ነበር።

ባልሽ ሞላ
ከቡራዩ